የአውሮፓ የማንነት ሙግትና የእኛ ጥያቄ፦ ከአል ጃሂሊ ምሽግ እስከ ሰገሌ

በአል ዐይን ከተማ፣ ከቴምር ዛፎቹ ጥላ ብዙም ሳይርቅ፣ በጭቃ ጡብ የታነጸ አንድ የቆየ ምሽግ አለ። አል ጃሂሊ ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በቀዳማዊው ሼኽ ዛይድ ዘመን የተሠራ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሲታደስ ከበርሊን የመጡ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች የጭቃ ግንባታ ዕውቀታቸውን ይዘው ተሳትፈውበታል። ዛሬ በውስጡ የእንግሊዛዊው ተጓዥ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶግራፎች በቋሚነት ለሕዝብ ይታያሉ። የበደዊን የጉዞ ጓደኞቹ «ሙባረክ ቢን ለንደን» እያሉ ይጠሩት የነበረው ይህ ሰው፣ በ1940ዎቹ ሩብዕ አል ኻሊ የተባለውን ታላቅ በረሓ ሁለት ጊዜ በግመል አቋርጧል፤ ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣንንም ያገኛቸው በዚሁ በአል ዐይን አካባቢ ነው።

ብዙው ጎብኚ ፎቶግራፎቹን ተመልክቶ፣ የበረሓውን ሰው ጽናት አድንቆ ይወጣል። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን የፎቶግራፍ አንሺውን የሕይወት ታሪክ ካወቀ ቆም ማለቱ አይቀርም። ቴሲጀር በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ አባቱ በዚያ የብሪታንያ መንግሥት መልእክተኛ ነበር። በስድስት ዓመቱ በጃን ሜዳ ያየው የድል ሰልፍ እስከ ሽምግልናው ከአእምሮው እንዳልጠፋ ራሱ ጽፏል። ያ ሰልፍ የሰገሌ ጦርነት አሸናፊዎች ሰልፍ ነበር። በሰገሌ የተሸነፉት ደግሞ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን የወረዱበት ዋና ክስ «ሰልመዋል፤ ከጀርመንና ከቱርክ ጋር ወግነዋል» የሚል እንደነበር የታወቀ ነው።

እንግዲህ በአል ዐይን ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ጀርባ የአውሮፓ ታሪክ፣ የዐረቡ ምድርና የኢትዮጵያ ሙስሊም ዕጣ ተያይዘው ይገኛሉ። በአቡ ዳቢና በአል ዐይን የትምህርትና የባህል ተቋማት ስለ ጀርመንና ስለ አውሮፓ ታሪክና ማንነት ለሕዝብ ክፍት የሆኑ መድረኮች ሲዘጋጁ፣ አማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም «ይህ የፈረንጆች ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያልፋቸው ይገባልን? የዚህ ጸሐፊ መልስ አይገባም የሚል ነው። በእነዚያ መድረኮች የሚነሳው ጥያቄ «የአገሩ ባለቤት ማን ነው? ታሪኩንስ የሚጽፈው ማን ነው?» የሚል በመሆኑ የእኛም ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ከሚል ምልክት ጋር ካልተጻፉ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአቡ ዳቢ መድረክ

አቡ ዳቢ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የአውሮፓ ታሪክ ከአውሮፓ ውጭ ከሚመረመርባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። በ2006 የፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፉን ከፈተ። በ2010 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ማስተማር ጀመረ፤ በሥሩ ያለው ኢንስቲትዩትም ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑ ትምህርታዊ ንግግሮችን ያዘጋጃል። የጀርመን የባህል ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲትዩትም በከተማዋ ይሠራል። በ2017 የሉቭር አቡ ዳቢ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በአል ዐይን ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ዩኒቨርሲቲ ከ1976 ጀምሮ ትውልድ እያስተማረ ይገኛል።

የሉቭር አቡ ዳቢን አደራጀት ያስተዋለ ሰው የሐሳቡን አቅጣጫ ይረዳል። ቅርሶቹ በአገርና በዘር ተለይተው አልተቀመጡም፤ በዘመን ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ቆመዋል። የቁርኣን፣ የመጽሐፍ ቅዱስና የተውራት የእጅ ጽሑፎች በአንድ ክፍል ይታያሉ። አውሮፓም በዚያ ከሌሎች ሥልጣኔዎች መካከል እንደ አንዱ ቀርባለች።

በ2022 ጀርመን የአቡ ዳቢ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ የክብር እንግዳ ነበረች። የሼኽ ዛይድ የመጽሐፍ ሽልማትም በተከታታይ ዓመታት ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎችን አክብሯል። በ2017 ዴቪድ ቪርመር የአንደሉሱን ፈላስፋ ኢብን ባጃን በተመለከተ በጻፈው መጽሐፍ ተሸለመ። በ2018 ደግሞ ዳግ ኒኮላውስ ሐሰ ተራውን አገኘ። የሐሰ መጽሐፍ የአውሮፓ የህዳሴ ዘመን ምሁራን የኢብን ሲናንና የኢብን ሩሽድን ሥራዎች እንዴት ይማሩባቸው እንደነበር፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ የዐረቡን ዕውቀት ውለታ ለመካድ የተነሳ ወገን እንደነበረ በማስረጃ ያሳያል።

ይኸው ምሁር በ2021 «አውሮፓዊ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጠውን አነስተኛ መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳተመ። ከቅኝ ገዥነትና ከሮማንቲኮቹ ዘመን የተወረሰው፣ አውሮፓን ከሌላው ዓለም የተለየች አድርጎ የሚያየው አስተሳሰብ መታለፍ አለበት ብሎ ይሞግታል። አቡ ዳቢ ያከበረችው ሰው ወደ ገዛ ወገኑ ዞሮ «እኛ ማን ነን?» ብሎ መጠየቁ ልብ ሊባል ይገባል። የአውሮፓን ታሪክ መማር የአውሮፓን ውዳሴ መስማት ብቻ አለመሆኑን ያመለክታልና።

ጀርመን ራሷን ስትጠይቅ

ጀርመን ለዚህ ሙግት ሁነኛ ምሳሌ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1913 ጀምሮ ለረጅም ዘመን የጸናው የዜግነት ሕጓ በደም ላይ የተመሠረተ ነበር። ጀርመናዊ ማለት ከጀርመናዊ የተወለደ ማለት ነው። በ1961 ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ስትፈራረም የመጡትን ሰዎች «እንግዳ ሠራተኞች» አለቻቸው። እንግዳ ይሄዳል ተብሎ ይጠበቃል፤ እነዚህ ግን ቤተሰብ መሠረቱ፣ ልጅ ወለዱ፣ መስጊድ ሠሩ፣ ሽማግሌዎቻቸውንም በዚያው ቀበሩ። ልጆቻቸው በርሊንና ኮሎኝ ተወልደው፣ ጀርመንኛ እየተናገሩ አድገው፣ በወረቀት ግን የውጭ አገር ሰዎች ሆነው ቆዩ።

ሕጉ መለወጥ የጀመረው በ2000 ነው። በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ከውጭ አገር ወላጆች በጀርመን ምድር የተወለደ ልጅ ዜጋ መሆን ቻለ። በ2024 በተደረገው ማሻሻያም ለዜግነት የሚጠየቀው የኑሮ ዘመን ከስምንት ዓመት ወደ አምስት ዝቅ አለ፤ የትውልድ አገርን ዜግነት ሳይተዉ ጀርመናዊ መሆንም ተፈቀደ። በ2021 ይፋ በሆነው የመንግሥት ጥናት መሠረት በጀርመን ከ5.3 እስከ 5.6 ሚሊዮን የሚደርሱ ሙስሊሞች ይኖራሉ። ይህ ከሕዝቡ ከ6.4 እስከ 6.7 በመቶ ያህሉ መሆኑ ነው።

ሕግ ተለወጠ ማለት ግን ሙግቱ አበቃ ማለት አይደለም። በ2010፣ በውሕደት በዓል ቀን፣ የጊዜው ፕሬዚዳንት ክርስቲያን ቩልፍ እስልምናም አሁን የጀርመን አካል መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። በ2018 ደግሞ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሆርስት ዜሆፈር እስልምና የጀርመን አካል አይደለም፤ በጀርመን የሚኖሩት ሙስሊሞች ግን የጀርመን ናቸው አሉ። መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል የሚኒስትራቸውን አባባል አልተቀበሉትም። ሰውየውን ተቀብሎ ሃይማኖቱን ከደጅ የሚያስቀረውን ይህን አባባል አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ አገራችን ስንመለስ መንትያውን እናገኘዋለን።

በአንድ በኩል መልካም እርምጃዎች አሉ። ከ2010 ወዲህ እንደ ሙንስተር፣ ኦስናብሩክና ቱቢንገን ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የእስልምና ነገረ መለኮት ማዕከላት ተቋቁመዋል። ኢማምና የሃይማኖት መምህር የሚሆኑ ወጣቶች ከክርስቲያን ነገረ መለኮት ተማሪዎች እኩል በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲማሩ በር ተከፍቷል። በሌላ በኩል በ2009 ግብፃዊቷ መርዋ አሽ ሸርቢኒ በድሬስደን ፍርድ ቤት፣ በሂጃቧ የሰደባትን ሰው ለመክሰስ በቆመችበት አዳራሽ፣ በዚያው ሰው እጅ በጩቤ ተገደለች። በየካቲት 2020 በሐናው ከተማ አንድ ዘረኛ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ ዘጠኝ ሰዎችን በጥይት ገደለ። ስለዚህ ጀርመንን እንደ ጽድቅ ምሳሌም፣ እንደ ክፋት ምሳሌም ማቅረብ ስሕተት ነው። ትምህርቱ ያለው አገሪቱ ጥያቄውን በሕግ፣ በዩኒቨርሲቲና በአደባባይ ክርክር ማንሳቷን ባለማቆሟ ነው።

«በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ወይስ «ኢትዮጵያውያን»?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጅግ ብዙ ሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ከጥያቄዎቻቸው መካከል አንዱ ስያሜን የሚመለከት ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይቅር፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ።

ስያሜ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው የጀርመኑን ሚኒስትር አባባል ያስታውስ። «በጀርመን የሚኖሩ ሙስሊሞች» ከሚለውና «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ከሚለው ሐረግ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ አንድ ነው። መኖርህን እናውቃለን፣ ቤቱ ግን ያንተ አይደለም የሚል ነው። የአዲስ አበባው ሰልፈኛ የጠየቀው የባለቤትነት ቃል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስት የእስልምና በዓላት በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩ ታወጀ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ግን ከዚያ ሰልፍ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ ንጽጽሩን ከልኩ በላይ መለጠጥ አይገባም። በጀርመን ያለው ሙስሊም በአብዛኛው ከስድሳ ዓመት ወዲህ የገባ ስደተኛ ወይም የስደተኛ ልጅ ነው። በኢትዮጵያ ግን በ615 ገደማ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሐቦች በነጃሺ ዘንድ ጥገኝነት ካገኙበት ጊዜ ጀምሮ እስልምና ከምድሪቱ ታሪክ ተለይቶ አያውቅም። የይፋት፣ የአዳልና የሐረር ሱልጣኔቶች፣ የወሎ መሻይኾች፣ የጅማው አባ ጅፋር ዘመን የአገሩ የራሱ ታሪክ ናቸው። ጀርመን ውስጥ ጥያቄው «አዲስ የመጣው መቼ የቤት ልጅ ይሆናል?» የሚል ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን «የቤቱ ልጅ እንዴት እንግዳ ተባለ?» የሚል ነው። ስለሆነም የእኛ ጥያቄ ከጀርመኑ ይልቅ ሥሩ የጠለቀ ነው።

1916፦ ሃይማኖት የጦር መሣሪያ ሲደረግ

አሁን ወደ ቴሲጀር ልጅነት እንመለስ። በኅዳር 1914 የዑስማኒያው ሱልጣን ከጀርመን ጎን ተሰልፎ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በሩሲያ ላይ ጂሃድ አወጀ። በበርሊን ማክስ ፎን ኦፐንሃይም የተባለ የምሥራቅ አዋቂ በጠላት ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ያሉትን ሙስሊሞች ለዐመፅ የሚያነሳሳ ዕቅድ አዘጋጅቶ ነበር። በበርሊን አቅራቢያ በቩንስዶርፍ የሙስሊም ምርኮኞች ሰፈር ተቋቋመ። በ1915 በዚያ ሰፈር ከእንጨት የተሠራው መስጊድ በጀርመን ምድር ለአምልኮ ከተሠሩት መስጊዶች የመጀመሪያው ነው። የተሠራው ግን ሙስሊሙን ዜጋ ለማድረግ ሳይሆን፣ ምርኮኛው ጎራ ለውጦ እንዲዋጋ ለማማለል ነበር። ጦርነቱ አልቆ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ፈረሰ።

የዚህ ዕቅድ አንዱ ክንድ ወደ ኢትዮጵያ ተዘርግቶ ነበር። በ1915 የአፍሪካ ባህል ተመራማሪው ሌዮ ፍሮቤኒዩስ ወደ አዲስ አበባ ለመግባት ቀይ ባሕርን አቋርጦ ኤርትራ ደረሰ፤ ጣሊያኖች አላሳልፍም ብለው መለሱት። በአዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን መልእክተኞች የልጅ ኢያሱን አካሄድ በሥጋት ይከታተሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሙባረክ ቢን ለንደን አባት ነው። በመስከረም 1916 ሦስቱ መንግሥታት በአንድነት የተቃውሞ ደብዳቤ አቀረቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ከወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ።

የውስጥ የሥልጣን ሽኩቻው ብርቱ ስለነበር ሁሉን በፈረንጅ እጅ ማሳበብ አይቻልም። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሰልመው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በሙስሊም አካባቢዎች መስጊድ ማሠራታቸው፣ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር በጋብቻ መተሳሰራቸውና ሙስሊሙን ወደ መንግሥት ማቅረባቸው ግን አያከራክርም። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ማግስት ጥምቀት በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ሙስሊሙን የአገሩ አካል የማድረግ ሙከራ በዚያ የጦርነት ዓመት ከጠላት ጋር ማበር ተብሎ ተተረጎመ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። በርሊን ሙስሊሙን እንደ መሣሪያ አየችው፤ ለንደን፣ ፓሪስና ሮም ደግሞ እንደ አደጋ አዩት። እንደ ባለአገር ያየው አልነበረም። በጃን ሜዳ የቆመው የስድስት ዓመት ልጅ ያየው ደማቅ ሰልፍ ነበር። ለወሎ ሙስሊም ግን ያ ቀን በመንግሥቱ ውስጥ የነበረው ተስፋ የተቀበረበት ቀን ነው። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነትና ስለ ጀርመን ማንነት በሚደረግ ውይይት ላይ የሰገሌ ስም ሊነሳ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ካላነሳነው ማንም አያነሳውም።

ብዕሩ በማን እጅ ነው?

የጀርመንና የኢትዮጵያ የዕውቀት ግንኙነት ረጅም ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ፣ ዛሬ ወሎ ከምንለው ምድር ከመካነ ሥላሴ የወጡ ካህን በጎታ ከተማ ቤተ መንግሥት ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ የግእዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የኢትዮጵያን ታሪክም ጻፈ። ይህ ሰው በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ሲባል ይኖራል፤ መምህሩ የነበሩት ጎርጎርዮስ ግን ስማቸው የተረፈው ሉዶልፍ ራሱ ውለታቸውን በጽሑፍ ስለመሰከረ ነው።

በ1905 አጼ ምኒልክ ከጀርመን መልእክተኛ ፍሪድሪኽ ሮዘን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በማግስቱ ዓመት ኤኖ ሊትማን የአክሱምን ጥናት መርቶ መጣ። በዘመናችን በሐምቡርግ የተዘጋጀው ባለ አምስት ጥራዝ የኢትዮጵያ ጥናት መዝገበ ዕውቀት ከ2003 እስከ 2014 ታትሞ ተጠናቋል። የሙስሊሙም ታሪክ ጨርሶ አልተረሳም። ጀርመናዊው ኤቫልት ቫግነር የሐረርን እስላማዊ የእጅ ጽሑፎች በዝርዝር መዝግቧል። ከራሳችን ምሁራን ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሁሴን አሕመድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎን እስልምና የሚመለከተውን መጽሐፋቸውን በ2001 አሳትመው፣ እስልምና በኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ ውስጥ ዳር ተይዞ መቆየቱን አስረድተዋል። ሁሴን በ2009 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ሥራቸው የዘርፉ መሠረት እንደሆነ ነው።

የቀረው ሥራ ግን ከተሠራው ይበልጣል። በወሎ በዳናና በጃማ ንጉሥ፣ በሐረር፣ በጅማና በሌሎችም የዒልም ማዕከላት ዑለማዎቻችን በዐረብኛና በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ የአገር ቋንቋ ያቆዩት ጽሑፍ ብዙ ነው። ያንን ጽሑፍ ለማንበብ ዐረብኛም፣ አማርኛም፣ የአገሩን ወግም ማወቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ እነዚህን ሦስቱን አጣምሮ የያዘ ተመራማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ከቂርኣት ቤት የወጣ፣ በዐረብኛ የሚሠራ፣ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ወገን ብዙ ነው። ይህ ዕውቀት ለዕለት ሥራ ብቻ ውሎ እንዲቀር መተው የለበትም።

እይታው ወደ ሌላው አቅጣጫም ሊዞር እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ አለን። በአዲስ አበባ ተወልደው የጀርመን ትምህርት ቤት የተማሩት፣ በፍራንክፈርት የሚኖሩት ልዑል አስፋ ወሰን አስራተ በ2003 ስለ ሥነ ምግባርና ወግ በጀርመንኛ የጻፉት መጽሐፍ በዚያ አገር እጅግ ተነቧል። ለዘመናት ጀርመናውያን ስለ ኢትዮጵያውያን ጠባይ ሲጽፉ ኖረው፣ አንድ ኢትዮጵያዊ በራሳቸው ቋንቋ ስለ ጠባያቸው ጻፈላቸው፤ እነርሱም አነበቡት።

ያለፈን በደል መጋፈጥ

በጀርመን ታሪክ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ውይይት የናዚን ዘመን ሳይነካ አያልፍም። በ2005 በበርሊን መሐል፣ ከፓርላማው ቅርብ፣ ለተጨፈጨፉት የአውሮፓ አይሁድ የመታሰቢያ ሥፍራ ተከፈተ። አንድ መንግሥት በደሉን በዋና ከተማው እምብርት ሲያቆም ቀላል ነገር አይደለም። የአፍሪካው በደል ግን ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ከ1904 እስከ 1908 በዛሬዋ ናሚቢያ በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የተፈጸመውን ግድያ ጀርመን የዘር ማጥፋት ብላ የጠራችው በ2021 ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ለልማት ለመስጠትም ሐሳብ ቀረበ። ብዙ የሄሬሮና የናማ ተወላጆች ግን «ስለ እኛ ያለ እኛ ተደራደራችሁ» ብለው ተቃወሙ።

ይህ ተቃውሞ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። በአገራችን የብሔራዊ ምክክር ኮሚሽን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። ያለፉ ቁስሎች ሲነሱ፣ ከእነርሱም መካከል ከቦሩ ሜዳ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው የግዳጅ ጥምቀት ሲነሳ፣ ዋናው ጥያቄ የተበደለው ወገን በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጧል ወይ የሚለው ነው። ከጀርመን የምንማረው ይቅርታ ያለ ባለቤቱ እንደማይጸና፣ የታሪክ መዝገብም ለሁሉ ካልተከፈተ እርቅ ሥር እንደማይዝ ነው። በዚያው ልክ በደልን መዘርዘር በቀልን መጥራት አይደለም። እስልምና እንደሚያስተምረን ምስክርነት በራስና በወላጅ ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ ሊቆም ይገባል። ይህ ሚዛን ሌላው በእኛ ላይ የፈጸመውንም፣ እኛ በሌላው ላይ የፈጸምነውንም ይመለከታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ከማለዳ እስከ ማታ የሚሠራ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ንግግር ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ እውነትም ነው። በሰው ቤት የምታገለግል እህት፣ በግንባታ ላይ የሚውል ወንድም የሳምንት ዕረፍቱን ለታሪክ ክርክር እንዲያውል መጠየቅ ይከብዳል። ጊዜና ዕድል ያላቸው ግን አሉ። ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን እዚህ የሚያሳድጉ ወላጆች አሉ። እነዚህ ቢያንስ በሦስት ነገር ሊጀምሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው መገኘትና መጠየቅ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ላይ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ «የጀርመን የጂሃድ ዕቅድ በቀይ ባሕር ማዶ ምን አስከተለ?» ብሎ አንድ ሰው ቢጠይቅ፣ ተናጋሪው ምሁር በሚቀጥለው ጥናቱ ሊያስበው ይገደዳል። አውሮፓ ለአንደሉስ ዕውቀት ያለባት ውለታ ሲነሳም የሐበሻ ዑለማዎች ድርሻ ሊጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው በቤት ያለውን መጠበቅ ነው። ከአባት የወረደ ኪታብ፣ የመውሊድ መንዙማ የተጻፈበት ደብተር፣ የሼኽ ደብዳቤ፣ የአያት የሐጅ ጉዞ ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ይገኛል። ማን እንደጻፈው፣ የት፣ መቼ እንደሆነ በወረቀት አስፍሮ፣ በስልክ ካሜራም ቢሆን ገጽ በገጽ አንስቶ ማስቀመጥ ወጪ አይጠይቅም። ዋናውን ቅጂ መሸጥ ግን ከአገርም ከትውልድም ማራቅ ነው።

ሦስተኛው ልጆችን ይመለከታል። በአቡ ዳቢ ወይም በአል ዐይን የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ሙስሊም ልጅ በትምህርት ቤት ስለ ናፖሊዮንና ስለ ቢስማርክ ይማራል፤ ስለ ሼኽ ሑሴን ባሌ፣ ስለ ሐረር ግንብ፣ ስለ 1966ቱ ሰልፍ ግን ካልነገርነው አይሰማም። አንድ ቀን «ከየት ነህ?» ሲባል የሚመልሰውን ቃል የምናስታጥቀው እኛ ነን። ልጁን ይዞ አል ጃሂሊ ምሽግ መሄድና እዚያ ቆሞ ታሪኩን መንገር መልካም መነሻ ይሆናል። ይህን ፎቶግራፍ ያነሳው ሰው የተወለደው በአያቶችህ አገር እንደሆነ፣ በልጅነቱ ያየው ሰልፍም የአያቶችህ ሽንፈት እንደነበረ፣ ከዚያ ሽንፈት ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ የአገሩ ሙስሊም አደባባይ ወጥቶ «ኢትዮጵያዊ በሉኝ» እንዳለ ይነገረው።

ቴሲጀር ያየውን ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ስሙ በአል ዐይን ግድግዳ ላይ ቀርቷል። በሰገሌ በሌላው ወገን የቆሙት ሰዎች ግን ያዩትን የሚናገርላቸው ብዙ ጽሑፍ አልተረፈም። ያንን ጉድለት መሙላት የእኛ የቤት ሥራ ነው።